ሬዲዮህን ገና ለማንም አትስጥ

ፌኒክስ ሲቲ፣ አላባማ
ረቡዕ፣ ፌብሩወሪ 11

ለምወድህ ወንድሜ ለሌላንድ፣

እንደምን ከርመሃል? እማማን ጉልበቷን ከማመማት በቀር እኛ ደህና ነን። ውሻህም ደህና ነው፤ አሁንም የፖስተኛውን መኪና ሲያባርር ይውላል።

ባለፈው ከእስር ቤት ስትደውል፣ «ኤፕሪል ላይ ስለምወጣ ሬዲዮዬንና ብርድ ልብሴን አንድ ክፍል ለምንታሰረው ለክሌተስ ልሰጠው ነው» ብለኸኝ ነበር። ያኔ ዝም ያልኩህ እማማ አጠገቤ ስለነበረች ነው። አሁን ግን ልንገርህ፤ ገና አትስጥ። ብርድ ልብሱን በተለይ አትስጥ።

ይህን ደብዳቤ ካንተ በፊት ሌላ ሰው ከፍቶ እንደሚያነበው አውቃለሁ። ያንብበው፤ ሁሉም ፍርድ ቤት የተነገረ ነገር ነው። አንተ ግን ሰው መሀል ሆነህ አታንብበው። ቁጭ በል።

የጆርጂያው ቅጣትህ ኤፕሪል ላይ ያልቃል፤ እሱ ልክ ነው። የአላባማውም አብሮ የሚያልቅ መስሎን ነበር። የአላባማው ዳኛ «ከጆርጂያው ቅጣት ጋር ጎን ለጎን ይፈጸም» ሲሉ በጆሯችን ሰምተናል፤ እማማ እልል ብላ ዘብ እንደተቆጣት አንተም አትረሳውም። ጠበቃችን ፕሩዊት እንዳስረዳችኝ ግን፣ ጎን ለጎን ማለት የአላባማው ፍርድ ከተነገረበት ቀን ወዲህ ነው፤ ወደ ኋላ አይሄድም። ከዚያ በፊት ጆርጂያ ታስረህ ፍርድ ስትጠብቅ የከረምክበትን ከዓመት በላይ ጊዜ ጆርጂያ ቆጥራልሃለች። አላባማ አልቆጠረችም። «ያን ጊዜ እኛ ዘንድ በዋስ የተለቀቀ ሰው ነበር እንጂ እስረኛ አልነበረም» ነው የሚሉት። ስለዚህ ኤፕሪል ላይ የጆርጂያ በር ሲከፈትልህ፣ የአላባማ ሸሪፍ መኪና ደጃፉ ላይ ቆሞ ሊጠብቅህ ይችላል፤ ያልተቆጠረውን ሊያስጨርስህ።

ይህን ስታነብ ምን እንደምትሆን ስለማውቅ ነው ቁጭ በል ያልኩህ።

ያኔ ፍርድ ስትጠብቅ ከጆርጂያ እስር ቤት ደውለህ «እማማ፣ የአላባማውን ዋስትና አንሺው፤ በዋስ ላይ እያለሁ እዚህ የምቀመጠው ለዚያኛው አይታሰብም አሉኝ» ስትላት እኔም እሰማ ነበር። የመለሰችልህንም ታስታውሳለህ።

«ቤቴን አስይዤ ዋስ ሆኜህ አሁን ልካድህ? ጆርጂያ ያሰረችህ አይበቃም? በአንድ ግዛት እንኳ ነጻ ሰው ሁን እንጂ!»

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው «ልጅሽ እንዴት ነው?» ሲላት «አላባማ ላይ ነጻ ነው» ትል ነበር። ሰዎቹ ይስቁ ነበር። እሷ ግን ያንን ቃል ይዛ ነበር እንቅልፍ የሚወስዳት።

ፕሩዊት የጆርጂያው ጊዜ ይታሰብልህ ብላ አመለከተች። ቢሮዋ ጠርታኝ «ዳኛው ቢሰሙን የሚሰሙን በአንድ ነገር ነው» አለችኝ። «ልጁ ዋስትናው ይነሳልኝ ብሎ ጠይቆ ነበር፤ እምቢ ያሉት ዋሱ ናቸው። ይህን እናታችሁ ቆመው መናገር አለባቸው።»

«እኔ ሰምቻለሁ፤ እኔ ልናገረው» አልኳት።

«ዋሱ እርስዎ አይደሉም።»

«ለምን እንደምትጠሪያት ሳታውቅ ልታስመሰክሪያት አትችዪም?»

«ወይዘሮ ቨርና፣ እናትዎን መሐላ ላይ አቁሜ ላስደነግጣቸው አልፈልግም። ቀድመው ይንገሯቸው።»

ሳምንቱን ሙሉ ልነግራት ተነስቼ እቃ አጥቤ ተመለስኩ። ሐኪሟ ልቧ ድንጋጤ አይችልም ያለውን ታውቃለህ። ባልነግራት ላንተ ፈራሁ፤ ብነግራት ለእሷ ፈራሁ።

ቀጠሮው ትናንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነበር። እማማ ያን የወይን ጠጅ ቀለም ባርኔጣዋን አድርጋ፣ ለመንገድ ብላ ብስኩትና የተጠበሰ ዶሮ ጠቅልላ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ መኪናው ውስጥ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። ደረስን። የፍርድ ቤቱ በር ዝግ ነው። ዘቡ በመስኮት አየንና ሳቁ መጣበት።

«የወንዝ ዳር ሰዎች ናችሁ፣ አይደል? እዚህ እኮ ገና ሁለት ሰዓት ነው። በጆርጂያ ሰዓት እየኖራችሁ አላባማ ፍርድ ቤት ትመጣላችሁ!»

ዕድሜዬን በሙሉ የኖርኩበትን ነገር ፍርሃት አስረሳኝ። ድልድዩ አጠገብ ያለነው ሁሉ ሥራችን ከወንዙ ማዶ ጆርጂያ ስለሆነ ሰዓታችንን በጆርጂያ እንሞላለን፤ አገሩ ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል።

«እኛ የምንኖረው በእግዜር ሰዓት ነው» አለችው እማማ። «አንተ ይልቅ ክፈት፣ ብርድ ነው።»

«እሺ እናቴ፣ እግዜር ካዘዘማ ምን ምርጫ አለኝ» ብሎ አስገባን።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አገኘን። ዶሮውን ፈትታ አንድ ቁራጭ ሰጠችኝ። ሳልቀምሰው በጣቴ ቆራረስኩት። አየችኝ።

«ቨርና፣ ሳምንቱን ሙሉ አፍሽን ከፍተሽ ትዘጊዋለሽ። አሁን ጊዜ አለን። ተናገሪ።»

ነገርኳት። ለማለስለስ ሞከርኩ፤ የሚለሰልስ ነገር አልነበረውም። ስጨርስ ዶሮውን መልሳ ጠቀለለችው፤ ጫፉን ደግማ ደጋግማ አጠፈችው።

«እኔ ነጻ ነው እያልኩ ሳወራ፣ እሱ በከንቱ ይቀመጥ ነበር?»

«አላወቅንም እማማ።»

«እሱ አውቆ ነበር። ነግሮኝ ነበር።» ጥቅሉን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «ታዲያ ለምን አንድ ቀን እንኳ ክፉ ቃል አልተናገረኝም?» አለችኝ።

ስትደውል ራሷ ትጠይቅህ ይሆናል። የምትመልሰውን ከአሁኑ አስብበት፤ እንዳትስቅባት፣ ደግሞም እንዳታለቅስባት።

ችሎቱ ተጀመረ። እማማ ምላ ቆመች። ባርኔጣዋን አውልቂ አላሏትም።

«ልጅዎ ዋስትናውን እንዲያነሱለት ጠይቆዎት ነበር?» አሉ ዳኛው።

«ጠይቆኛል።»

«ለምን አላነሱለትም?»

«ክቡር ዳኛ፣ እኔ ለሰው ዋስ ሆኜ አፍርሼ አላውቅም። ለልጄ ዋስ ሆኜ ላፍርስ? ጥፋቱ የኔ ነው። ለአላባማ የቀረ ጊዜ ካለ እኔ ላይ ቁጠሩት። እዚሁ ነኝ፤ የትም አልሄድም።»

ዐቃቤ ሕጉ ተነሳ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁንም ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው። «ሐዘናቸው ይገባኛል። ሕጉ ግን በዋስ ያለ ሰው በዋስ ያለ ነው ይላል፤ ለምን ሆነ ብሎ አይጠይቅም» አለ። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እማማን አዩዋት፣ መልሰው አደረጉት። «ውሳኔዬን በጽሑፍ አሳውቃለሁ» አሉ። በቃ፣ ያ ብቻ ነው። እስካሁን የተወሰነ ነገር የለም፤ ይህን በደንብ ያዝልኝ።

ፕሩዊት ወረቀቶቿን ወደ ቦርሳዋ ስትከት እኔን አላየችኝም።

በመልሱ መንገድ እማማ ከተማችን ልንገባ ስንል ነው የጠየቀችኝ።

«ከዚያ በር ላይ ቢይዙት፣ በየት ነው የሚያመጡት?»

«በድልድዩ፣ እማማ። ሌላ መንገድ ይርቃቸዋል።»

«እንግዲያው በቤታችን ፊት ያልፋል» አለች።

ዛሬ ጠዋት የጓሮ ወንበሯን ወደ ፊት በረንዳው አስወጣችኝ። ብርዱ እስኪያልፍ ብላት አልሰማ አለችኝ። ይህን ስጽፍልህ በመስኮቱ ጀርባዋ ይታየኛል። መኪና ከድልድዩ በወረደ ቁጥር አንገቷን ቀና ታደርጋለች፤ ገና ፌብሩወሪ ነው።

ሌላንድ፣ እባክህን ቁጣህን ዋጥ አድርጋት። በዚህ በቀረው ጊዜ ከማንም ጋር አትጣላ፤ በመጨረሻው ወር የሰው ጠብ ውስጥ ገብቶ የቀረውን ሰው ራስህ ነግረኸኛል። ደጁ ላይ የሚጠብቅህ እኛ ከሆንን፣ እኔ የምነዳው ያንኑ አሮጌ ሰማያዊ መኪና ነው። ሌሎች ሰዎች ከሆኑ ግን ምንም ሳትናገር እጅህን ዘርጋላቸው። ከቻልክ በግራ በኩል እንዲያስቀምጡህ ለምናቸው። ድልድዩን ስትሻገር ቤታችን በግራ ነው። ቀንም ቢሆን የበረንዳው መብራት ይበራል።

እማማ የምትጠራው አምላክ በሁለቱም ግዛት ይጠብቅህ። በዚያ ብርድ ልብስ ተሸፋፍነህ ተኛ።

እህትህ
ቨርና