የወንድምዎ ትርፍ ጊዜ

ለምወድዎ እትዬ፣

እንዴት ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እኛ ደህና ነን፤ ያስቸገረን የእርስዎ ናፍቆት ብቻ ነው።

ወንድምዎን አሁን ቢያዩት አያምኑም። ያ እራት ላይ ስልኩ በጮኸ ቁጥር «ሲስተም ቆመ» ብሎ ማንኪያውን ጥሎ የሚሮጠው የኮምፒውተር አስተዳዳሪ፣ ሰሞኑን ስልኩ ጭጭ ብሎለት ከልጃችን ጋር ቼዝ ይጫወታል። አሮጌ ኪቦርድ ነቃቅሎ ከቁልፎቹ ጠጠር ሠርቶላታል። ንጉሡ «ኢንተር» የሚለው ትልቁ ቁልፍ ነው አሉኝ፤ እኔ የትኛው የማን እንደሆነ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው።

ግራ የገባኝ የቼዙ ነገር ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ጠዋት እንደ ወትሮው ሸሚዙን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ ይወጣል። ድሮ ማሽኖቹ ያሉበት ክፍል ይበርዳል እያለ ሹራብ ይዞ ይሄድ የነበረ ሰው፣ አሁን ማጅራቱ በፀሐይ ጠቁሮ ይመጣል። ብጠይቀው «በምሳ ሰዓት በእግሬ መንሸራሸር ጀምሬ ነው፤ ለጤና ጥሩ ነው» አለኝ። እሰየው አልኩ።

ትናንት ደግሞ ልጅቷ የቢሮ መግቢያ ካርዱን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «እኔ አባቢ ነኝ» እያለች ትጫወታለች።

«ያለ ካርዱ የቢሮው በር እንዴት ይከፈትልሃል?» አልኩት አባቷን።

«ሰሞኑን ክፍት ነው የሚውለው» አለና ከቼዙ አንድ ጠጠር አንቀሳቀሰ። ተራው የእሷ ነበር።

እኔ ምን አውቄ፣ ሥራው ድሮም አይገባኝም። ብቻ እትዬ፣ ሲደውሉለት በእጅ ስልኩ ይሁን፤ የቢሮው ይቅር።

ጤናዎን እየተመኘሁ እዚህ ላይ ላብቃ፤ የነገ ሸሚዙን ገና አልተኮስኩም።

የወንድምዎ ሚስት