ማንም እንዳይነካው ያልከው ኪቦርድ

ለውድ ወንድሜ ለአብዱልናስር፦

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ። እንዴት ከርመሃል? ጤናህስ፣ ሥራህስ፣ የጀርመን ብርድስ እንዴት አድርጎሃል? ክረምት ሲገባ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ብቻ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እምቢ ብሏታል። በስልክ ሁሌም ሥራ ላይ ነኝ እያልክ ስለምትዘጋው ነው ዛሬ በጽሑፍ የመጣሁብህ።

የምጽፍልህ መገናኛ ካለችው ሱቃችን፣ አንተ በተውከው ኮምፒውተር ነው። ስትሄድ የደንበኛ ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ እያመጣ አስቸገረን ብለህ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ጫንክበት። ለዚያ እስከ ዛሬ አመሰግንሃለሁ። ኪቦርዱን ግን ለራስህ ጣት አመቻቸኸው። ለፕሮግራም ሥራ ይሻላል ብለህ የካፕስ ሎክ ቁልፍ የኮንትሮልን ሥራ እንዲሠራ አድርገኸው ሄድክ። እኔ ማመልከቻና የቤት ኪራይ ውል ነው የምጽፈው። ኤ የምትባለዋን ቁልፍ ስነካ ትንሿ ጣቴ ጎረቤቷን ካፕስ ሎክን አብራ ከተጫነች፣ ኮንትሮልና ኤ አብረው እንደተነኩ ተቆጥሮ ጽሑፉ በሙሉ ይመረጣል፤ ቀጥሎ የምነካው ፊደል ገጹን ጠርጎ ይወስደዋል።

ጉዱን ያወቅኩት ደንበኛችን አቶ ላጲሶ የመጡ ቀን ነው። ስለ ቡልቡላው ቤታቸው ቅሬታ እያስጻፉኝ ነበር፤ ቅሬታውን የሚያስገቡበት ቢሮ ሳይዘጋ መድረስ አለባቸው። ልንጨርስ ስንል ገጹ ባዶ ሆነ። የጠፋውን መመለስ እንደሚቻል እንኳ ያኔ አላውቅም። ሽማግሌው ክፉ አልተናገሩኝም፤ ግድ የለም ልጄ ብለው ጎረቤት ሱቅ ገቡ። እስከ ዛሬም የሚያስጽፉት እዚያ ነው።

ደውዬ ስነግርህ ሳቅክ። ማንም እንዳይነካው፣ ስመጣ አስተካክለዋለሁ አልክ። እማ አጠገቤ ሆና ይህን ሰማች፤ ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ አደራ ዕቃ ሆነ። ዊንዶውስ ልጫንበት ያለውን ጠጋኝ፣ ልጄ መጥቶ እንዳስቀመጠው ያግኘው ብላ ከበር መለሰችው። እኔም ትንሿን ጣቴን ሽቅብ ሰቅዬ መጻፍ ለመድኩ። ደንበኞች ጣትሽን ምን ነካው እያሉ ይስቁብኛል። ሦስት ዓመት እንዲህ ጻፍኩ።

ባለፈው ሳምንት አብሮ አደግህ ሚስባህ ወረቀት ሊያሳትም መጣ። የማውቅ መስሎት እንኳን ደስ አላችሁ አለኝ። ማግባትህን፣ ኑሮህን እዚያው ማድረግህን፣ የመመለስ ሐሳብም እንደሌለህ ለእሱ ጽፈህለታል። ወረቀቱን ሰጠሁትና አሚን አልኩት። ያቃጠለኝ ማግባትህ አይደለም። እማ በየጁምዓው እየመጣች የዚህን ኮምፒውተር አቧራ በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ እኔ ነኝ የማያት።

ሚስባህ እንደወጣ የኮምፒውተሩን ማስተካከያ ከፈትኩ። ኪቦርድ የሚል አለ፤ አማራጮች የሚለውን ስነካው አንተ ምልክት ያደረግክባት ትንሽ ሳጥን ወጣች። ምልክቱን አነሳሁት። አለቀ። ያዘዝኩት ሻይ እንኳ ገና አልመጣም ነበር። ይህችን በስልክ ልትነግረኝ ትችል ነበር አብዱልናስር። ስመጣ ማለቱ ስለቀለለህ ነው። አሁን ካፕስ ሎክ ካፕስ ሎክ ነው። ጣቴ ግን ገና አላመነችም፤ ይህን ስጽፍልህም እንደተሰቀለች ናት።

እማ ኪቦርዱን መንካቴን አላወቀችም፤ ከላይ ሲያዩት ያው ነው። ሚስባህንም አፉን እንዲይዝ ለምኜዋለሁ። ትናንት የአንተን ክፍል ግድግዳ ቀለም እናስቀባው ወይ ስትለኝ፣ ቆዪ እንጂ አልኳት። ከዚህ በላይ ልዋሻት አልችልም፤ እውነቱን ከእኔ አፍ እንድትሰማም አልፈልግም። የተውክልኝን ኪቦርድ አስተካክያለሁ። እማን ግን አንተው ደውለህ ንገራት።

እማ ሳትደርብ እንዳትወጣ ብላሃለች። አጎታችን ሃይደር ዱዓውን ልኮልሃል። ታናሻችን ኑራም ቁመቷ እኔን አልፏል፤ ስትመጣ አታውቀኝም ትላለች፣ ሰላም ብላሃለች። ለባለቤትህም ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስሟን ሚስባህ ነግሮኛል፤ ካንተ እስክሰማው ድረስ ግን አልጠራውም።

እህትህ ሐሚዳ
መገናኛ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.