አልጋ ላይ የተሣለው በረኛ

ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ መርሳ

ሠዓሊው ጋሽ ሰይድ በወጣትነታቸው ለስፖርት መጽሔት ሽፋን የሣሏቸውን ስድስት ሥዕሎች ዛሬ አስረከቡኝ። በጦርነቱ ጊዜ ጎተራ ውስጥ ደብቀው ነው ያተረፏቸው። ወልድያ ወስጄ በዐውደ ርዕይ ላሳያቸው ነው፤ ከተመረቅሁ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ ይሆናል ብዬ ጓጉቻለሁ።

ከበር ስንወጣ ጎረቤታቸው እትዬ ዘሀራ ለኳስ የሚወረወረውን በረኛ ሥዕል አይተው ቀጥ አሉ። የተሣለው ባለፈው ወር ቤታቸው በከባድ መሣሪያ ተመትቶ የሞተው ባላቸው ነው። የእሱ ፎቶዎችም ሁሉ ያኔ ከቤቱ ጋር ነደዋል።

«ኳስ ነክቶም አያውቅ እኮ! ጋሽ ሰይድ አልጋ ላይ አጋድመው ነው የሣሉት» ብለው ሳቅ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ለእኔ ነው አይደል፣ ልጄ?»

ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት ያያሉ።

«አዎ፣ እትዬ» አልኩ።

በእንባ የራሰ መዳፋቸውን በሥዕሉ ላይ ባለው ጉንጩ ላይ አሳረፉ። የውሃ ቀለም ነው፤ ሲለቅ አየሁት። አይንኩት ማለት አቃተኝ።