ለገራዶ አንድ መስመር

መቀሌ፣ ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለሩፋይዳ አባት

አሰላሙ አለይኩም።

የሰፈሩ ኮሚቴ ትናንት ተሰብስቦ፣ ውሻህ ገራዶ ከዚህ ይውጣ ወይስ ይቆይ የሚለውን ቅዳሜ ኅዳር 13 ሊወስን ቀጠሮ ያዘ። ይውጣ ከተባለ እሑድ ጠዋት መጥተው ይወስዱታል። ወዴት እንደሚወስዱት ጠየቅሁ። የመለሰልኝ ሰው የለም።

ደህና መሆንህን ጓደኛህ ሙጂብ ነግሮኛል፤ ስለዚህ ስለ ጤናህ እየጠየቅሁ ወረቀት አላባክንም። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ሩፋይዳ ከመስከረም ጀምሮ ቃላሚኖ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታለች። ፊዚክስ ከብዷታል፤ ምግቡንም አልወደደችውም፤ ሌላው ደህና ነው። አባቴ መቼ ነው የሚመጣው ትለኛለች። የምመልስላትን ታውቀዋለህ፤ ቃሉን ያስለመድከን አንተ ነህ።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ በምክንያት ነው፤ ወደ ታች ታገኘዋለህ። ጽፌ፣ ፎቶ አንስቼ በቴሌግራም ነው የምልክልህ። ጁባ ኔትወርክ የለም እንዳትለኝ፤ ወንዝ ዳር ተቀምጠህ ዓሣ ስትበላ የለጠፍከውን አይቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሄድክ ዕለት እኔንና ልጅህን በር ላይ «ደህና ሁኑ» ብለህ፣ ገራዶን ግን እስከ መናኸሪያ ይዘኸው ሄድክ። ለምን እንደሆነ ዛሬም አልገባኝም። ገመዱን ለሙጂብ ሰጥተህ አውቶቡስ ውስጥ ገባህ። ሙጂብ ውሻውን እየጎተተ ነው የመለሰው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ መጥተሃል። ሁለቱንም ጊዜ ሳትነግረን መጣህ፤ ሁለቱንም ጊዜ ገና እንቅልፍ ላይ ሳለን ወጣህ።

ሩፋይዳ ቤት እያለች ገራዶ ብቻውን አይውልም ነበር። እሷ አዳሪ ስትገባ፣ እኔ ጠዋት ሮማናት አደባባይ ያለውን ሱቄን ልከፍት ስወጣ ግቢው ባዶ ሆነ። ያን ጊዜ ጀመረው። እኔ ከበሩ እንደወጣሁ ያለቅሳል። የቆርቆሮውን በር ጥፍሩ እስኪደማ ይቧጭራል። ለሱ የሠራህለትን ቤት ጠርዙን በጥርሱ በልቶታል። ጎረቤታችን ሔሩይ የሌሊት ተረኛ መሆኑን ታውቃለህ፤ የሚተኛው ቀን ነው። ሁለት ጊዜ በትሕትና ነገረኝ። በሦስተኛው ለኮሚቴው ነገረ። አልፈርድበትም።

ጥቅምት ላይ ደግሞ አጥር ዘለለ። በሮማናት መሐል፣ በታክሲዎቹ መካከል ሮጦ የተገኘው መናኸሪያ ነው። አውቶቡስ የሚጫንበት ቦታ ተጋድሞ ነበር። ማንንም አልነካም። ግን ያን የሚያህል ውሻ ሲያልፍ ሰው ሸሸ፣ አንዱም ቪዲዮ ቀረጸ፤ ቪዲዮው ከእኔ ቀድሞ ኮሚቴው ጋ ደረሰ።

የሰፈሩ የውሻ ደንብ አምና የወጣ ነው፤ አንተ አልነበርክም። እዚሁ ሰፈር አንዲት ሕፃን በትልቅ ውሻ ተነክሳ፣ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓይነት የውጭ ዝርያ በስም ተጠቅሶ ተከለከለ። ደንቡ ክፉ ነው አልልም። ልጅቷን አይቻታለሁ፤ ጉንጯ ላይ እስከ ዛሬ ምልክት አለ። እኔን የሚያናድደኝ ዝርያ በዓይን መለየቱ ነው። የኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ኣስፋሃ በራችን ላይ ቆመው ስልካቸው ላይ ያለውን ፎቶና ገራዶን እያስተያዩ፣

«ጆሮው ቆሟል ጓለይ፤ ይኸው እንደዚህኛው» አሉኝ።

«የአህያም ጆሮ ይቆማል» አልኳቸው።

«አህያ አይናከስም።»

«እርስዎን ስላልነከሰዎት ነው።»

ሳቁ። ስቀው ግን ዝርያው የተከለከለ ነው የሚለውን ወረቀት ፈረሙት።

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሟን ሳሊናን አመጣሁ። ልጅ ናት፣ ግን ሥራዋን ታውቃለች። የአበሻ ውሻ ነው ብለሽ ጻፊልኝ ብዬ ለመንኳት። «ሓፍተይ፣ ያየሁትን ነው የምጽፈው» አለችኝ። ያየችውንም ጻፈች፦ እናቱ የአበሻ፣ አባቱ ጀርመን ሸፐርድ፣ ድቅል። ወረቀቱን ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩ። አቶ ኣስፋሃ አነበቡትና ደንቡን ከፍተው አሳዩኝ። ከተከለከሉት ዝርያዎች የተዳቀለም የተከለከለ ነው ይላል፤ የሚቆየው ሁለት ነገር ከተሟላ ብቻ ነው። አንደኛ፣ በክትባት ካርዱ ላይ ስሙ ያለው ሰው እዚያው ቤት የሚኖር ከሆነ። ሁለተኛ፣ ውሻው ብቻውን ሲሆን ሰፈር የማይረብሽ ከሆነ።

ካርዱ ላይ ያለው ስም የማን እንደሆነ ታውቃለህ።

ሁለተኛውን እኔ ልሥራው ብዬ ጀመርኩ። ሳሊና በየሳምንቱ ትመጣለች። መጀመሪያ ያዘዘችኝ ሳልወጣ መውጣት ነው። ጂልባቤን ለብሼ፣ ጫማዬን አድርጌ፣ ቁልፌን አንስቼ፣ ተመልሼ ተቀምጬ ሽንኩርት እልጣለሁ። ቁልፉ ሲንቀጫቀጭ ገራዶ መንቀጥቀጥ እስኪተው ድረስ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደላጥኩ አሏህ ይወቀው። ከዚያ ከበሩ ወጥቶ ወዲያው መግባት፤ ከዚያ እስከ ጥጉ ደርሶ መመለስ። ለእሱ የምለብሰው አሮጌ ቀሚስ አለኝ፤ ሶላት ሲደርስ አውልቄ፣ ታጥቤ ነው የምቆመው። «ለጥበቃ ይፈቀዳል» ብለህ ያመጣኸው አንተ ነህ፤ የአገርህን ስም ያወጣህለትም አንተ ነህ። ማጠቡ ለእኔ ቀረ።

ዘዴው አልሠራም። ቶሎ ብመለስም ብዘገይም፣ ስገባ በሩ ላይ ዘሎ ይንጠለጠላል፤ በማግስቱ ስወጣ ለቅሶው ይብሳል። ሳሊና አንድ ቀን ውጭ ቆማ አየችኝ።

«ስትገቢ አታናግሪው ብዬሽ አልነበረም?»

«አላናገርኩትም።»

«አሰላሙ አለይኩም ስትይ ሰምቻለሁ።»

«እሱን እኮ አይደለም። ቤቴ ስገባ ሳልል አልገባም።»

«ውስጥ ሰው የለም።»

«ሰው ባይኖርም ይባላል።»

«በልብሽ በዪው።»

ሞከርኩ። አፌን ዘግቼ በሩ ድረስ እደርሳለሁ፤ ቁልፉ ሲዞር ምላሴ ቀድሞኝ ይወጣል። ከልጅነቴ ጀምሮ ያለ ሰላምታ የገባሁበት ቤት የለም። ገራዶ ደግሞ ያን ቃል ሲሰማ ሰው መጣ ማለት መሆኑን አውቋል፤ ቀኑን ሙሉ ያንን ሲጠብቅ ይውላል።

ሲገቡ እንደሚባለው ሲወጡም እንደሚባል ትዝ ያለኝ በኋላ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ስወጣ ማለት ትቼው ነበር። ለሳሊና ስነግራት ዓይኗ በራ። «በቃ፣ ስትወጪም በዪው። ውኃ ልትቀጂ ስትሄጂም፣ ስትመለሺም። እስኪሰለቸው ድረስ።» እንዳለችው አደረግሁ። ከጓዳ ወደ ግቢ፣ ከግቢ ወደ በር፣ አሰላሙ አለይኩም፣ አሰላሙ አለይኩም። የሰማኝ ሰው አብዳለች ይበል። ሰላምታን ለውሻ ብዬ እንዲህ ማድረጌ ከብዶኝ ሼሁን ጠየቅኋቸው፤ «ሰላም ማብዛት ምን ክፋት አለው ልጄ» አሉኝ። ቃሉ መሄድም መምጣትም ሆነበት። አሁን ስለው ጭንቅላቱን እጁ ላይ ጥሎ ያየኛል፤ አይነሳም። ሱቅ ውዬ ስመለስ እዚያው የተውኩት ቦታ የማገኘው ቀን ነበር። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ሐሙስ ደወልክ።

ልብስ እያጠብኩ ነበር። እጄ አረፋ ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጌ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። «አብሽሪ፣ በቅርቡ እመጣለሁ» አልክ። ገራዶ ከቤቱ ወጣ። ስልኩን አሸተተ፤ በርጩማውን ገለበጠው። ከዚያ ወደ በሩ፣ ከበሩ ልብስ ወደተሰጣበት ገመድ፣ ከገመዱ አንተ ጫማ ወደምታወልቅበት ደረጃ ሮጠ። ደረጃው ላይ ቆሞ ማልቀስ ጀመረ። አንተ መሬት በወደቀው ስልክ ውስጥ ሆነህ ስለ መንገድ መዘጋት ታወራ ነበር። ምን ሆነ ብለህ እንኳ አልጠየቅህም። ዓርብ ሱቅ ውዬ ስመለስ የበሩን ታች ፈልቅቆ ጠበቀኝ፤ ሔሩይም አልተኛም። የሳምንታት ድካሜን በአንድ ቃል አፈረስከው፤ ያንኑ ቃል ነው የምትለው፣ ሌላ የለህም።

ለሳሊና ነገርኳት። «የሰው መሄድን ይለምደዋል» አለች። «አንዳንዴ የሚመጣው ሰው ነው ያስቸገረው። ወይ ይምጣ፣ ወይ ይቅር።» ስለ ገራዶ ነበር የምታወራው።

አሁን የትናንቱን ስማ። ሰፈሩ ሁሉ ተሰብስቧል። አቶ ኣስፋሃ ካርዱን በእጃቸው ይዘው፣

«ይማም እዚህ ቤት ይኖራል?» አሉኝ።

«ለሥራ ሄዷል።»

«መሄዱንማ እናውቃለን። ይኖራል ወይ ነው የምልሽ።»

«ዕቃው አለ።»

«ዕቃ ውሻ አይዝም፣ ጓለይ።»

ከኋላ የሳቀ አለ። ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም።

«መቼ ይመጣል?»

«በቅርቡ» አልኩ። በሰው ሁሉ ፊት፣ ያንተን ቃል በእኔ አፍ። ወላሂ፣ በሕይወቴ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። እዚህ ከተማ ከወሎ መጥተን ስንት ዓመት ስንነግድ፣ ዓፊፋ ዋሸች ያለኝ ሰው አልነበረም። ትናንትም አላሉኝም። አንገታቸውን ደፉ። እሱ ባሰብኝ።

ያዳነኝ ሔሩይ ነው። ተነስቶ፣ «ሰዎች፣ እውነቱን እንናገር፤ ከሰሞኑ እኔ ተኝቻለሁ» አለ። «ዓርብ ሲቀር።»

«ዓርብ ምን ሆኖ ነው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ።

ዓርብ የሆነውን አውቃለሁ። አልተናገርኩም። እንደገና ሸፈንኩህ፤ የመጨረሻዬ ነው።

የተወሰነው ይህ ነው። ቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮሚቴው ከበራችን ውጭ ይቆማል። እኔ በሩን ቆልፌ በእግሬ እስከ ሮማናት ሄጄ እመለሳለሁ። እስክመለስ ገራዶ ዝም ካለ ሁለተኛው ነገር ተሟላ። እሱን ለእኔና ለገራዶ ተወው። እስከ ቅዳሜ ግን አትደውል። ድምፅ ቀድተህም አትላክ። ብትደውል አላነሳም፤ ስልኩን ሱቅ ነው የማሳድረው።

አንደኛው ያንተ ነው። አቶ ኣስፋሃን ለብቻቸው አግኝቼ ጠየቅኋቸው፤ በእጅህ የተጻፈ ከመጣ ካርዱን በስምሽ እናዞረዋለን ብለዋል። የምትጽፈው አንድ መስመር ነው፦ «እኔ ይማም ከእንግዲህ በዚያ ቤት አልኖርም፤ ውሻው የዓፊፋ ነው።» ፈርመህ፣ ፎቶ አንስተህ ላክ። «ለጊዜው» የምትል ቃል እንዳትጨምርበት። አቶ ኣስፋሃ ካዩዋት አይቀበሉም፤ እኔም አልቀበልም።

መጻፉ ከከበደህ ና። ና የምልህ ለሦስት ቀን አይደለም። በቀን፣ ሰው እያየህ፣ ሻንጣህን ይዘህ ና፤ መምጫህን ለልጅህ ራስህ ንገራት። ቅዳሜ አቶ ኣስፋሃ ይማም እዚህ ይኖራል ሲሉኝ አዎ እላለሁ፣ አንተም ከጎኔ ትቆማለህ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ። «በቅርቡ» የሚለውን ከእንግዲህ ወደዚህ ቤት አትላከው፤ የሚያምንህ አንድ ገራዶ ነበር፣ እሱም ጥፍሩ አልቋል።

ሐምራዊውን ሹራብህን አጥቤ አስቀምጬዋለሁ። ገራዶ ቤት ውስጥ ከተን ተኝቶበት ነበር። እዚያ ሙቀት ስለሆነ አያስፈልግህም ይሆናል። ሙጂብ ሲመጣ ልላከው ወይስ ይቆይ፣ እሱንም አብረህ ጻፍልኝ።

አሏህ ካለህበት ይጠብቅህ፤ ከመንገድ ክፉ፣ ከሰው ክፉ ይሰውርህ። ይህን የምልህ ከልቤ ነው። ከላይ ያልኩህም ከልቤ ነው።

የሩፋይዳ እናት
ዓፊፋ

ይህን ከላክሁ በኋላ ወደ ሱቅ እወጣለሁ። ጽሑፍህ ከቅዳሜ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ይድረሰኝ። ካልደረሰ፣ ትኖራለህ ወይ ብለው ሲጠይቁኝ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፤ እሑድ ጠዋት ሲመጡም ገመዱን ይዤ በሩን የምከፍተው እኔ ነኝ።