ፈረንጆቹ ጎረቤቶቼና የእኔ ቅናት

ይድረስ ለማከብርዎ ለእትዬ ደጊቱ፤
ድሬዳዋ።

እትዬ፣ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን እንዴት አደረገዎት? ልጅዎ ሳምሪ በላከችልኝ ወረቀት ደረጃ መውጣት እንዳቃተዎት ነግራኝ ነበርና ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም። የድሬዳዋ ሙቀት ለቁርጥማት ደግ ነው ይባላል፤ እውነት ከሆነ ተመስገን ነው። አያ ክንፈሚካኤልስ ዓይናቸውን ታዩ? ገነነስ ሥራ ያዘልን? እኛ እርስዎን ከመናፈቅ በቀር በሥጋችን ደኅና ነን። ልጄ ትዕዛዙም ከባሕር ዳር መጥቶ ፋሲካን አብሮን ውሎ ተመለሰ። በነፍሴ ግን ደኅና ነኝ ብዬ አልዋሽዎትም። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎም ከሰው አፍ ሳይሰሙት ከእኔው እንዲሰሙት ብዬ ነው፤ የፍኖተ ሰላም ነጋዴ መቼም ድሬዳዋ አይጠፋም፣ ወሬም አብሮት ይሳፈራል።

ዘንድሮ በጥቅምት ከአጥራችን ማዶ፣ ከጎረቤታችን ከንብረት ግቢ፣ ሁለት ሽማግሌ ፈረንጆች ተከራይተው ገቡ። ባልና ሚስት ናቸው፤ አገራቸው ሆላንድ። ልጆቻቸውን ድረው፣ ጡረታ ወጥተው ሲያበቁ ቤተ ክርስቲያናቸው ለሁለት ዓመት ልካቸው ነው የመጡት። የባልየው ስም ሄንክ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ግን ሄኖክ አለውና በዚያው ጸና። ሚስትየዋ ግሬታ ትባላለች። አማርኛ አዲስ አበባ ስድስት ወር ተምረው ነው የመጡት፤ ሥራቸውም በየገጠሩ ምንጭ ማጎልበት ነው። ማንንም ና ወደ እኛ ሃይማኖት ሲሉ አልሰማሁም። ይህን አስቀድሜ የምነግርዎ በኋላ የሠራሁት ሥራ እንዲገባዎት ነው።

መጀመሪያ የቀናሁት በአኗኗራቸው ነው። እትዬ አይታዘቡኝ፣ ሥራዬን ትቼ በአጥር ቀዳዳ አያቸው ነበር። ጠዋት አብረው ይጸልያሉ፤ ከዚያ እሱ ሳህን ያጥባል፣ እሷ ታደርቃለች። አንሶላ ሲያሰጡ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እሷ ይዘው ይጨምቁታል። እሷ ትከሻዋን ስለሚያማት ፀጉሯን የሚያበጥርላት እሱ ነው፤ የሰባ ዓመት ሽማግሌ፣ በረንዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ! የሰፈሩ ሴት ሁሉ በነጠላው አፉን ሸፍኖ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ አልተከተለኝም። ከላቀው ጋር ሠላሳ ዓመት ስኖር አንድ ቀን እንኳ «ፀጉርሽ ሸበተ» ብሎኝ አያውቅም።

ላቀውን መቼም ያውቁታል። ሃያ ሰባት ዓመት የውኃ ቧንቧ ሲቀጥልና ሲጠግን ኖሮ ጡረታ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥራው ደጃፍ ካለችው ድንጋይ ተቀምጦ መንገድ ማየት ሆነ። ምን ልሥራልህ ብለው «እ»፣ አመመህ ወይ ብለው «እ»። እንዲህ ባለበት ጊዜ ሄኖክ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ መጣ። ከቡሬ እስከ ሰከላ ያለውን ምንጭ እንደ ላቀው የሚያውቅ የለም ብለውታልና፣ አብሮት እንዲዞር ለመነው። በማግሥቱ ላቀው ጢሙን ተላጭቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ባሌን አጣሁት። ጠዋት በመኪናቸው ይሄዳሉ፤ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ እነሱ ግቢ ተቀምጦ ወረቀት ላይ ምንጭና ገንዳ ይስልላቸዋል። አንድ ቀን ጓዳ ሆኜ ሽሮ ሳማስል የወንድ ሳቅ ሰማሁ። ከሆድ የሚወጣ ደስ የሚል ሳቅ ነው። የማን ይሆን ብዬ ወጣሁ። የባሌ ሳቅ ነበር፣ በሰው ግቢ። ረስቼው ኖሮ አላወቅሁትም። ወደ ቤት ሲመለስ ደግሞ ያው «እ»። ሽሮዬንም እዚያ ቀማምሶ እየመጣ ይተወው ጀመር። እሺ፣ ይህንንም ቻልሁት።

ያልቻልሁት የካቲት ላይ የሆነው ነው። ግሬታ ወንፊት ልትዋስ መጣች። ሰጥቻት ልትወጣ ስትል እጄን ያዘችና «ሠርክአዲስ» አለችኝ። «ላቀው ነገረኝ። ስድስት ዓመት፤ ትንሽ። እኔ በጣም አዘንሁ።»

እትዬ፣ እርስዎ ለልጄ ለሠርክአዲስ ልቅሶ መጥተው ያዩት ነው። እኔ የትዕዛዙ አራስ ሆኜ ከአልጋ ሳልወርድ የበኩር ልጄን ኩፍኝ ጣላት፤ ያኔ በላቀው ሥራ ምክንያት ማንኩሳ ነበርን። አባቷ ወደ ቡሬ ጤና ጣቢያ አዝሏት ወጣ፤ በጋቢ ጠቅልሎ መለሳት። ይኸው ሃያ አንድ ዓመት፣ ስሟን ከአፉ ሰምቼ አላውቅም። እኔ ባነሣባት ተነሥቶ ይወጣል። በሙት ዓመቷ ቀን እንኳ ብቻዬን ነበር የማለቅሰው። ያንን ስም ለአምስት ወር ጎረቤት፣ ለባዕድ ሴት ነገራት! ወጣት ቆንጆ ብትሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ፊቴን እሳት በላው፤ ወንፊቱን ከእጇ ነጥቄ በሩን ዘጋሁባት።

ያደረግሁትን ልንገርዎ። መጋቢት ላይ፣ በዓቢይ ጾም፣ የነፍስ አባታችን ቄስ ሃይለ ሚካኤል ቤታችን መጡ። ላቀው የት ነው ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ፣ «አባ፣ ከምንጭ ምንጭ ሲል ጠበሉን እንዳይረሳው እፈራለሁ» አልኋቸው። እርስዎ ያውቃሉ፣ እሳቸው ቅኔ የተቀኙ ሰው ናቸው። ሃይማኖቱን ሊለውጥ ነው ማለቴ እንደሆነ ገባቸው። «እንዲህ ሆነ?» አሉ። እኔም እንዲህ አልሆነም አላልሁም። ውሸት አልተናገርሁም እኮ፣ አንዲት ቃል አልዋሸሁም፤ እያልሁ ራሴን ሳጽናና ከረምሁ።

ቃሏ ግን ከደጄ ወጥታ አገር ዞረች። ከጅጋ ወዲያ ዝግባ ሜዳ በምትባል መንደር የምንጩን ሥራ አጋምሰውት ነበር። ገበሬው ሥራ አቆመ፤ ሃይማኖቱን በለወጠ ሰው እጅ የተገነባ ውኃ አንጠጣም አለ። ሴቶቹም ከብት ከሚረግጠው ጨቀጨቅ ወደ መቅዳቱ ተመለሱ። ሲሚንቶው በከረጢት እንዳለ በሣር ጎጆ ተከመረ፤ ዝናብ ካገኘው ድንጋይ ሆኖ መቅረቱ ነው። ላቀው ከዚያ ሲመለስ መንገድ ላይ ሰላም ያለው ሰው እንደሌለ አየሁበት። ማን እንዳስወራበት አልጠየቀም። ተመልሶ ከደጃፉ ድንጋይ ተቀመጠ። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለሦስት ቀን ደስ አለኝ። ባሌ ቤቱ ገባ ብዬ።

ከፋሲካ በኋላ የሚያዝያ ሚካኤል የማኅበሩ ጽዋ ተረኞች እኛ ነበርን። ጠላውን ጠንስሼ፣ ዳቦውን ልደፋ ስሰናዳ የማኅበራችን አለቃ፣ ሙሴው አቶ አምላኩ፣ በር ላይ ቆሙ። ግቡ ብላቸው አልገባም አሉ። «ለዚህ ወር ተራው ለማኅበርተኛው ለይሄይስ አልፏል» አሉና ሄዱ። ላቀው ሰምቷል። ተነሥቶ ጋኖቹን አያቸው፤ አንዱን በመዳፉ ዳበሰው፣ ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። አባቱ የጠጣበት፣ እሱም ከልጅነቱ የጠጣበት ማኅበር ነው። ደስታዬ እዚያው ላይ ሞተ።

በሚካኤል ዕለት ማኅበርተኛው ይሄይስ ቤት ተሰብስቦ ሳለ ሄድሁ። ያልተጠራሁበት ቤት መድረኩን ረግጬ ቆምሁ። «ላቀው ማተቡን አልበጠሰም። ነገሩ ከእኔ ነው የወጣ» አልሁ። አባ ሃይለ ሚካኤል ራሳቸውን ነቀነቁ። አቶ አምላኩ ግን ጽዋውን አስቀምጠው፣ «አንቺ ሴት፣ ያን ጊዜ በቅኔ ተናገርሽ፤ ዛሬ በሰሙ አፍርጪው» አሉኝ።

«ቀናሁ» አልሁ። «ባሌ ከሰው ግቢ ሲስቅ ሰማሁና ቀናሁ።»

እትዬ፣ የሳቀም ነበር። የይሄይስ ሚስት ግን ተነሥታ አጠገቤ ቆመች፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። አባ ፈረዱብኝ፦ «አሁን ሃምሳው ነው፣ ስግደት የለም፤ ስግደትሽን ለሰኔ ጾም አቆይቼልሻለሁ። እስከዚያ ዝግባ ሜዳ በእግርሽ ሂጂና በአፍሽ ያበላሸሽውን በአፍሽ አቅኚ። እኔም ሳልመረምር ተቀብያለሁና አብሬሽ እሄዳለሁ።» በማግሥቱ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። ሽማግሌው ቄስ በመቋሚያቸው እየተደገፉ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ገበሬው ከዋርካ ሥር ተሰብስቦ ሰማኝ። ሲያበቃ አንዲት ኢትዮጵያ የሚሏት ባልቴት፣ «ስለ አንዲት ሴት ቅናት ነው እንዴ ይህን ያህል ጭቃ የጠጣነው?» አለች። ከአለንጋ የከፋ ነበር። ሥራው ግን በዚያው ሳምንት ተጀመረ፤ ሲሚንቶውም ተርፏል።

ለግሬታም ነገርኋት። ነገሩ ሲገባት ቤቷ ገባች፣ ሁለት ቀንም አልወጣችም። አንሶላውን ሄኖክ ብቻውን ሲጨምቅ አየሁት፤ ውኃው እግሩ ላይ ይንጠባጠብ ነበር። በሦስተኛው ቀን ወጥታ ደኅና ዋልሽ አለችኝ። እስከ ዛሬም ሰላምታዋ ቀዝቀዝ እንዳለ ነው። አልፈርድባትም።

ላቀው ስምንት ቀን አላናገረኝም፤ «እ»ም የለም። በዘጠነኛው ቀን ቡሬ ለጡረታ ጉዳዩ አብረን ደርሰን ስንመለስ፣ ማንኩሳ ላይ አውቶቡሱ ጎማ ተነፈሰበትና ወርደን ከመንገዱ ዳር ተቀመጥን። መንገዱን እያየ ድንገት፣ «ልትጠይቂኝ ትችይ ነበር» አለኝ።

«ልትነግረኝ ትችል ነበር» አልሁት። «ለእሷ የነገርኸውን ለእኔ ለእናቷ ለምን ነፈግኸኝ?»

«እሷ ትልቁን አማርኛ አታውቅም» አለኝ። «ልጆችሽ ስንት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ። በትንንሽ ቃል መመለስ ነበረብኝ፤ ልጅ ነበረች፣ ታመመች፣ ተሸከምሁ፣ ሞተች። በትንሹ ሲሆን ወጣልኝ። ላንቺ ግን በትልቁ ነው የሚነገር፤ እሱን ደግሞ አልችለውም።»

እኔም፣ «በትንሹ ንገረኝ፤ እኔም አማርኛ እንደማላውቅ አድርገኝ» አልሁት።

እዚያው፣ ሾፌሩ ጎማ ሲቀይር፣ ነገረኝ። ሠርክአዲስ ትከሻው ላይ ሆና ውኃ ስጠኝ ብላው ነበር። ውኃ አልያዘም። ጥቂት ነው፣ ደርሰናል፣ ቡሬ ስንገባ እሰጥሻለሁ አላት፤ ሳይገቡ ዝም አለች። ከዚያ ወዲህ ለሰው ሁሉ ውኃ ሲቀጥል የኖረው ያቺን ቃል ተሸክሞ ነው። እኔ ደግሞ ጨካኝ ነው፣ ረሳት ብዬ እከሰው ነበር። እጁን ያዝሁት፤ በሰው ፊት፣ ተሳፋሪው ሁሉ እያየ። አልነጠቀኝም።

አሁን ሰላም ነን። ጠዋት ከእነሄኖክ ጋር ይወጣል፤ ማታ እራት ላይ የዋለበትን ይነግረኛል፣ ሦስት አራት ቃል። ማኅበሩም የሰኔን ጽዋ ለእኛ መልሷል። ቅናቴ ለቀቀኝ ብዬ ግን እርስዎን አላታልልዎትም። ግሬታ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ባየኋት ቁጥር፣ ያንን ነገር ከእኔ በፊት የሰማ ጆሮ የእሷ መሆኑ ይቆጠቁጠኛል። ይህን ማንም ሊመልስልኝ አይችልም፤ እሷም ብትፈልግ አትችልም። በሰኔ ስሰግድ ለዚህም ጭምር እሰግዳለሁ።

ለአያ ክንፈሚካኤል እጅ ነሥቻለሁ በሉልኝ። ገነነን ጉንጩን ሳሙልኝ፤ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ ቢልም ይሳሙት። ለጎረቤትዎ ለወይዘሮ እጅጉ፣ በታመሙ ጊዜ ስላስታመሙዎት እግዚአብሔር ይስጥልኝ በሏቸው። ላቀውም ሰላም ብሏል፤ አላዘዝሁትም፣ ራሱ ነው ንገሪያት ያለኝ። ሳምሪዬንም ሰላም በሉልኝ። ዕድለኛ ናት፤ በየቀኑ እናቴ ብላ የምትጠራዎት እሷ ናትና በእሷም እቀናለሁ፣ ደብቄ ከማበላሽ ዛሬውኑ በግልጽ ልንገርዎ።

ታናሽዎ ባንቺአየሁ
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት 20 ቀን 1996 ዓ.ም.