በዳሌ የምትከፈት መኪና

እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰኔ 9

ለልጄ አባት፣ ለኩርፊያው ንጉሥ፤

እንዴት ሰነበትክ? ድልድዩስ እንዴት ነው፣ ከወንዙ ማዶ ደረሰ? እኛ ደህና ነን። ያልደወልኩልህ ንቄህ አይደለም። በስልክ ስናወራ ሁለታችንም እንጮኻለን፣ ከዚያ አንዳችን የሌላው ጆሮ ላይ እንዘጋለን። ወረቀት ላይ ግን አታቋርጠኝም። ብቻ እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትቀደው።

መኪና ገዛሁ። አዎ፣ እኔ! ቁጭ በልና አንብብ።

ያቺን ነጯን መኪናችንን «ነፍሷ ወጥታለች» ብለህ፣ እኔ ፀጉር ቤት የሰው ፀጉር ስሠራ ሳትነግረኝ የሸጥካት ቀን ምን እንዳልኩህ አልረሳሁትም። «እሷ ሳትመለስ ደጄን እንዳትረግጥ» ነው ያልኩህ። አንተም ቃሌን ይዘህ በዓመት ፈቃድህ እንኳን ሳትመጣ ቀረህ። ሰው በንዴት የተባለውን ሁሉ ይይዛል እንዴ? ልጃችንን ከሆስፒታል ያመጣናት በሷ ስለሆነ ነው ያንገበገበኝ፣ እንጂ ብረት ብረት ነው።

ለማንኛውም፣ በታክሲ ግፊያ ወገቤ ሲያልቅ እህቴ «ገበያው ስልክሽ ላይ ሞልቶልሽ ምን ያንከራትትሻል?» አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ደንበኛ ሳጥብ እንኳን አንድ ዓይኔ ስልኬ ላይ ሆነ። ጉድ እኮ ነው! «ምንም የማትፈልግ» ተብላ የተለጠፈች ሁሉ ሄደው ሲያዩዋት ሞተር ትፈልጋለች። በመጨረሻ አንዲት ሰማያዊ አየሁና ልቤ ወደዳት። ፎቶው ላይ ሰሌዳዋን በወረቀት ሸፍነውታል፤ እኔ ደግሞ ቁጥር አይያዝልኝም። እህቴ «ይቺ እኮ የድሮዋ ዓይነት ናት፤ ሌላ መኪና ጠፋ?» ስትለኝ «ነዳጅ አትበላም» አልኳት።

ሳላስመረምር አልገዛም ብዬ ጆሮን ይዤ ሄድኩ። ጆሮ ያልኩህ ያ የሰፈራችን መካኒክ ነው፣ ሞተር ሲሰማ ዓይኑን የሚጨፍነው። ሻጩ ባለ ጥቁር መነጽር ጎረምሳ ነው፤ ምላሱ ጤፍ ይቆላል። «እመቤቴ፣ የአንዲት ዶክተር መኪና ናት፤ እሑድ እሑድ ብቻ ነው የነዳቻት። ግጭት የሚባል አታውቅም» ይለኛል። ጆሮ ኮፈኑን ከፍቶ ዘይቱን አየ፣ በባትሪ እያበራ ከሥሯ ገባ፣ ወጥቶ ጎኗን በጣቱ አንኳኳና «ቀለም ላይ ቀለም ነው» አለ።

«ለውበት እኮ ነው!» አለ መነጽሩ።

እኔ ደግሞ ውስጧን ልይ ብዬ በቀኝ በኩል ዞርኩ። መነጽሩ «ቆይ፣ እሱ በር ትንሽ…» ብሎ ሳይጨርስ እጄ መያዣውን ወደ ላይ ሳብ፣ ዳሌዬ በሩን ገጨት፤ ተከፈተ! መነጽሩ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ስንት ጊዜ ስታገለው ከርሜ! እንዴት አወቅሽበት?» አለኝ። እኔ ራሴ ዳሌዬን ዞሬ አየሁት።

የነጯ በር የሚከፈተው እንዲህ ነበር! ወዲያው የፊት ኪሷን ከፍቼ ከክዳኑ ጀርባ አየሁ። ልጃችን በሚስማር የጫረቻት ባለ አምስት እግር ድመት ቁጭ ብላልሃለች! ወይኔ ጉዴ! እዚያው ወንበሩ ላይ ዘፍ ብዬ በሳቅ ፈነዳሁ፤ ሳቄ መሃል ላይ ልቅሶ ሆነ። መነጽሩ ደንግጦ «ምነው እናቴ፣ ደህና ነሽ?» ሲለኝ፣

«ዶክተሯ እኔ ነኝ!» አልኩት።

ጆሮ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ከዚያማ በሽታዋን ሁሉ ዘረገፍኩለት። ሲበርዳት ሁለተኛ ማርሿ አልገባም ይላል፣ የግራ ስፖኪዮዋ እየነዱ ይታጠፋል፣ ዝናብ ሲዘንብ ከኋላ ፖርታ ባጋልዮዋ ውሃ ይቋጥራል። መነጽሩ ሊክድ ሞክሮ ነበር፤ እያንዳንዱን ስናየው እውነት ሲሆንበት ግን ላብ አጠመቀውና እኔ ባልኩት ዋጋ ተስማማ። ነድቼ ስሞክራት ጆሮ አጠገቤ ዓይኑን ጨፍኖ ሲያዳምጥ ቆየና «ሞተሯ ጤነኛ ነው፤ ሌላው ይሠራል። ማነው ነፍሷ ወጥታለች ያለሽ?» አለኝ። ስምህን አልጠራሁም።

«ውሰጃት፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» አለኝ፤ ወሰድኳት።

ልጅህ ግቢ ውስጥ ስታያት እየጮኸች ሮጣ ያንን በር በዳሌዋ ገጭታ ከፈተችው። አልረሳችውም! ደስታዋን ብታየው። ቀጥላም «አባዬስ መቼ ነው የሚያያት?» አለችኝ። መልሱን ላንተ ትቼዋለሁ። እሷ ናት እንግዲህ የናፈቅካት፤ እኔማ ሥራ ይዞኛል።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶብስ ተራ እመጣለሁ። ካልመጣህም አታስብ፤ መኪናዋ ብዙ ስለቆመች መንገድ ያስፈልጋታል፣ እዞርና እመለሳለሁ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ መንገድ ሳያስፈልጋት አይቀርም።

ፈጣሪ ጤናህን ይጠብቅልህ፤ የምትሠራው ድልድይም ሰውን በሰላም የሚያሻግር ይሁን።

የልጅህ እናት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጆሮ «የሹፌሩን ወንበር ወደፊት ላምጣልሽ?» ቢለኝ ተወው አልኩት። ከኛ ቀጥሎ የነዳት ሰው ረጅም ነበር መሰለኝ፣ ወንበሩ ልክ ባንተ እግር ነው ያለው። እኔ ከጀርባዬ ትራስ አድርጌ እነዳለሁ፤ ለጊዜው ይበቃኛል።