አባትሽ ያልሰበረው ማይክሮፎን

ልጄ ዞሃራ፣ እግዚአብሔር ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ የፓሪስ ብርድም አይድፈርሽ። እኛ እዚህ እስራኤል፣ ዲሞና ደህና ነን። የእህትሽ ልጅ ጥርስ አወጣች፤ የእኔ ጉልበት ያው እንደምታውቂው ነው።

ማክሰኞ በቴሌቪዥን አየንሽ። «አባቴ እንዳልዘፍን ብሎ ማይክሮፎኔን ሰበረው» ብለሽ አለቀስሽ። እንባሽ ከድምፅሽ ይበልጣል! ስምሽን «ዞዪ» ብሎ የቆረጠው ያ ሥራ አስኪያጅሽ ነው ያስጠናሽ? መከራ ያላየች ዘፋኝ አትሸጥም አለሽ? በአሥራ አራት ዓመትሽ ድምፅ ማጉያ ተሸክሞ ከሰርግ ሰርግ ያዞረሽ ማን ነው? ቤርሼቫ ሰርግ ላይ ፈርተሽ ድምፅሽ ሲጠፋ፣ እንዳታፍሪ ብሎ በዚያ ሻካራ ጉሮሮው አብሮሽ የዘፈነው ማን ነው?

ጎረቤቱ ሁሉ አንቺን ሊያይ ሳሎናችንን ሞልቶት ነበር። ፍሬሃ ወደ አባትሽ ዞር ብላ፣ «መክሉፍ፣ እውነት ሰብረኸዋል እንዴ?» አለችው። እኔ «ቀጣፊ ናት!» ልል አፌን ስከፍት እጄን ጭምቅ አድርጎ ያዘኝ።

«አዎ፣ ሰብሬዋለሁ። ያኔ ቁጡ ነበርኩ» አላት።

አንቺ ውሸታም እንዳትባዪ ብሎ ራሱን ጨካኝ አደረገ። አሁን ምኩራብ ሲገባ ሰው በጎሪጥ ያየዋል።

ለእኔ አትደውዪ፣ እሰድብሻለሁ። ዓርብ የሰንበት ሻማ ሳይበራ ለእሱ ደውዪለት። ይቅርታ ብትጠይቂው «ምን አጠፋሽና» ብሎ ይከራከርሻል፤ ብቻ «አባዬ፣ እንዴት ዋልክ?» በዪው።

ፈጣሪ ድምፅሽን ይጠብቅልሽ፤ ልብም ይስጥሽ።

እናትሽ ሱሊካ